የላይኛው ቁልፍ

ደሴ። የላብራቶሪው መስኮት ጦሳን ያያል፤
ጉሙ እንደ ጋቢ ወርዶ ከትከሻው ይውላል።
ከፊቴ ሁለት ቱቦ ቆመዋል ተጠግተው፣
ደማቸው ከታች ረግቶ፣ ውሃቸው ከላይ ጠልሎ፣ በማሽን ተሽከርክረው።

አንዱ፦ «አረቡ ሙሄ፣ ሃምሳ አራት ዓመት፣ የጭነት መኪና ነጂ»፤
ሌላው፦ «ጭላዳ፣ ወንድ፣ ከጉጉፍቱ መታጠፊያ» ይላል፤ ስም የለውም እንጂ
ይዞት የመጣው ራሱ አረቡ ነው፣
በሸራ ጠቅልሎ፣ ከስንዴ ጆንያ መሃል አስተኝቶ ያመጣው።

«እኔ አልገጨሁትም» አለኝ «ወላሂ እህቴ፣ ቆሜ ነበር፤
እንደ ወትሮው ዳቦ ልሰጠው። አይሱዙው ነው፣ ከኋላዬ ሲበር።»
አራት ዓመት በዚያች መታጠፊያ ሳይጥልላቸው አልፎ አያውቅም፤
ቦንቦሊኖ፣ የጥብስ ትራፊ፣ የዘይት ድንች፤ ባዶ እጁን አይቆምም።

ጭላዳ የሣር ወገን ነው፤ አያቱ ጓሳ ነጭቶ፣
በውርጭ ቆንጥጦ፣ በጥርሱ ፈጭቶ፣
በጣቱ እየመረጠ፣ እንደ ምስር ለቃሚ፣
ኖሯል ስብ ሳይቀምስ፣ ሳይሆን ታማሚ።
ደረቱ ላይ ፀጉር የለም፤ ቀይ ቆዳ፣ የልብ ቅርጽ፣
ቁልፉ እንደወለቀ ሸሚዝ፣ ለብርድ የሚገለጽ።
ልቡን ከውጭ ለብሶ ነው የሚኖረው፤
እኛ ነን ከውስጥ የሸሸግነው።

ለአረቡ እንዴት ልንገረው? የእኛ ቋንቋ የፈረንጅ ጉራማይሌ ነው፤
እሱ ደግሞ ኬላና ፍሬን ነው የሚያውቀው።
«ጉበት» አልኩት «በረኛ አለው፣ ደጁ ላይ የቆመ፣
በደም የሚያልፈውን ስብ ይዞ የሚያስገባ፣ ሳይሰለች የከረመ።
በዘራችን ጽሕፈት ‹በረኛ ቅጠር› የሚል አንድ መስመር አለ፤
ከሰው ወደ ጭላዳ ቢሄዱም፣ ፊደሉ እየተመሳሰለ።
ጉበቱ በስብ ሲጠግብ ግን ያን መስመር ዘሎ ያነባል፤
‹ሌላ በረኛ ምን ያደርጋል› ይላል፤ የቆመውም አርጅቶ ይገባል።
በሩ ይዘጋል። ስቡም እንደ ጭነት መኪና ኬላው ላይ ተሰልፎ፣
ያድራል በደም ሥር ግድግዳ፣ ተደራርቦ፣ ተለጥፎ።»

«ገባኝ» አለ። «የፒያሳ መብራት ፈረቃ ነው በይኝ፤
ሽቦው ደህና፣ አምፖሉ ደህና፤ ብርሃኑ ነው የማይገኝ።»
እንዲያ ነው። ከዚህ የተሻለ በመጽሐፍም አላየሁ።
ማሽኑ ጮኸ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥሁ።

እንደ ብርዝ ጠርቶ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር ያንን የሣር በል ደም፤
ደፍርሷል። ቁጥሩም ከአረቡ ቁጥር ብዙ አይርቅም።
አንድ ገበታ በልተዋል፣ አንድ መዳፍ አጉርሷቸው፤
አራት ዓመት፣ በመስኮት በኩል፣ ሳያውቁት ተመሳስሎ ጉበታቸው።
(ከአንድ ቱቦ ሕግ አይወጣም፤ ይህን አለቃዬ ዘወትር ይለኛል።
ይሁን። ያየሁትን ግን ማን ያስረሳኛል?)

«ይመለሳል ወይ?» አለ አረቡ፣ ወረቀቱን አጥፎ ከኪሱ ሳይከት።
ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላው? ነግቶ ነበር፤ ያኛው ከሞተ ሁለት ሰዓት።
«ጽሕፈቱ አልተፋቀም» አልኩት «ንባቡ ነው የጠፋው፤
ማዕዱ ሲቀልል ይነበባል፣ አንተ ከጀመርከው።»
«አብሽሪ» አለኝ እሱ፣ በሽተኛዋ እኔ የሆንኩ ይመስል፤
የካፖርቱ የላይኛው ቁልፍ ወልቋል፤ ደረቱ በብርድ ቀልቷል፣ ከዚያኛው ጋር ሲመሳሰል።

በሳምንቱ አብሬው ወጣሁ፣ ኩሳቸውን ልለቅም ለምርመራ፤
ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል፣ ገብሱ ላይ ውርጩ ሲያበራ።
የሞተሩን ድምፅ ለይተው ያውቃሉ። ከገደሉ አፋፍ ወጡ፣
እናቶች ግልገል አዝለው፣ ጎረምሶች ጎፈራቸውን ነፍተው፣ መንገዱ ዳር ተቀመጡ።

አረቡ ማርሽ ቀየረ። አልቆመም። መስኮቱን አልከፈተም።
ጥቂት ተከትለውን ሮጡ። አንዱም አልጮኸም።
በመስታወቱ አየኋቸው፣ እያነሱ፣ እያነሱ፣
አንድ ሁለቱ ወደ ሣሩ ሲመለሱ።
አንድ ግልገል ብቻ፣ ሣር መንጨት ገና ያለመደ፣ በዳቦው ዘመን የተወለደ፣
መሃል መንገድ ቁጭ ብሎ ቀረ፤ መኪናችን ወደ አቀስታ ወረደ።

መዳፉ እንደተዘረጋ ነው።